የወይዘሮ ዶርካስ ኖራ

ወይዘሮ ዶርካስ ፔንፎልድ የቤታቸው ሥዕል ከባላባቱ እልፍኝ ሊሰቀል መሆኑን የሰሙ ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ለባላባቱ የሚሥለው ሠዓሊ ሚስተር ላምበርት በሴቨርን ወንዝ ዳር ሲያልፍ ቤቱን አይቶ ቀልቡ ስለ ተማረከ፣ ሐሙስ የውሃ ቀለሙን ይዞ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄዷል። እንግዲህ የባላባቱ እንግዳ ሁሉ ያንን ሻጋታ የወረሰው የሣር ክዳንና ያንን የጠቆረ ግድግዳ ሊያይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በንጽሕና የኖረች ሴት ይህን እንዴት ትችለዋለች?

ስለዚህ ከጎረቤታቸው ከጃቤዝ ሆብደይ መሰላል ተዋሱ፤ አረንጓዴውን ሻጋታ ከክዳኑ ላይ ፍቀው አወረዱ፤ ኖራ በጥብጠው ግድግዳውን ደጋግመው ቀቡት። ዐሣማዋም ሳትቀር ታጠበች።

ሐሙስ ሠዓሊው ከአጥሩ በር ሲደርስ ክው ብሎ ቀረ።

«እሜቴ፣ ቤቱ የት ሄደ?»

«ይኸው ፊትህ ቆሟል። የእሑድ ልብሱን ለብሶ ነው።»

«እኔ እኮ የወደድሁት ያንን አረንጓዴ የለበሰውን አሮጌውን ነበር።»

«እኔ ደግሞ አልወደድሁትም። ጉስቁልናዬን ሥለህ ሰው ቤት ልትሰቅለው ነው?»

አጥር ተደግፎ ይመለከት የነበረው ሆብደይ ሳቀ። «አትድከም፣ ጌታዬ። ሟች ባሏንም እንዲሁ ስትፈትግ ነው የኖረችው።»

«አንተን የሚፈትግ ነው የጠፋው» አሉት ወይዘሮ ዶርካስ ዞር ሳይሉ።

ሠዓሊው ጥቂት አሰበና ቀለሙን ፈታ። እርሳቸው ጎመን የሚኮተኩቱ መስለው ከጀርባው ይመላለሱ ጀመር። ሰማዩ መጣ፤ ወንዙ መጣ፤ ዛፎቹ መጡ፤ የቤቱ ግድግዳ ግን ባዶ ወረቀት እንደ ሆነ ሠዓሊው ብሩሹን አጥቦ አስቀመጠ። ደማቸው ፈላ።

«ቂመኛ ነህ። ያን ሁሉ ኖራ ቀብቼ አንዲት ጠብታ ቀለም ትነፍገኛለህ?»

«እስኪ ራቅ ብለው ይዩት፣ እሜቴ።»

እየተነጫነጩ እስከ አጥሩ በር ሄደው ዞር አሉ። ጥቁሮቹ ዛፎች ከኋላ፣ ጥላው ከጎን ከበውት፣ ያ ያልተነካ ወረቀት ፀሐይ ያረፈችበት ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ከሥዕሉ ሁሉ እርሱን የሚያህል የሚያበራ አልነበረም።

«በዚህ ቀለም ነጭ የሚገኘው ወረቀቱን ባለመንካት ነው» አለ ሠዓሊው።

ወይዘሮ ዶርካስ ሽርጣቸውን አስተካከሉ። ኋላም ጠጋ ብለው በጣታቸው አመለከቱ። «ይህ ዳር ላይ ያለው አረንጓዴስ?»

«የሚስተር ሆብደይ ጋጣ ነው። ሻጋታ ሳልሥል መሄድ አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

ሆብደይ ሳቁን ውጦ ከአጥሩ ቀና አለ። ወደ ሥዕሉ ተመለከተ፤ ወደ ጋጣውም ተመለከተ።

«ዶርካስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እስኪ መሰላሌን መልሺልኝ። ኖራም ተርፎሽ እንደ ሆነ...»