አጣቢዋ

"ዛሬ አንወስድም፣ አዴ ኢቢሴ" አለች የቂርቆስ ሚስት፣ በሩን ከአንድ ክንድ በላይ ሳትከፍት።

ኢቢሴ ሁለት ሊትር ወተት የያዘውን የሃይላንድ ጠርሙስ እንደዘረጋች ቀረች። ጠርሙሱ ገና ለብ ያለ ነው፤ ላሟን አልባ ከቤት ከወጣች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም።

"ትናንትም አልወሰዳችሁ። ልጁን አመመው እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው። ቂርቆስ ነው እንጂ... ለጊዜው ይቅር አለኝ።"

"ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?"

ሴትየዋ ግራና ቀኝ መንገዱን ቃኘች። "እኔ እንኳ አላመንኩም፤ እግዜር ያውቃል። ግን የሚያይ ሰው አለ። ከእርስዎ ወተት ስንቀበል ቢያዩን ምን ይሉናል?"

"ልጅሽ ጡት ከጣለ ጀምሮ የጠጣው የእኔን ወተት ነው" አለች ኢቢሴ። "ሞተብሽ?"

በሩ ተዘጋ። በቀስታ፣ በጨዋ ደንብ ነበር የተዘጋው፤ ይሄ ደግሞ በፊት ላይ ከመጠርቀም ይልቅ ያንገበግባል።

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስና ባለቤታቸው እማማ ጸሐይወርቅ በገዛ ቤታቸው ተገድለው አደሩ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ነበሩ። በነቀምቴው ሰፈራቸው በበከኒሳ ቀሴ ከሃምሳ ዓመት በታች ከሆነው ሰው የእሳቸው መርፌ ያላስለቀሰው ጥቂት ነው። በወጣትነታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ አረጁ፤ ሲስቁ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ነበር። እማማ ጸሐይወርቅ ደግሞ የወተቱን ጠርሙስ አጥበው ሲመልሱ "ባዶ ዕቃ አይመለስም" ብለው ከጓሯቸው ሎሚም ቢሆን ቃሪያም ቢሆን ሳይጨምሩበት አይሰጡም። ሁለቱም ከሰባ አምስት ዓመት ያለፉ፣ ዝንብ እሽ የማይሉ ሰዎች። ማን ገደላቸው? ለምን? ቴሌቪዥኑ እንኳ አልተነካም። ሦስት ወር ሆነ፤ መልስ የለም።

ዓርብ ጠዋት ወተት ይዛ ገብታ መጀመሪያ ያየቻቸው ኢቢሴ ናት። ጮኻ ሰፈሩን የጠራችውም እሷ ናት። ፖሊስ መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ ለካ፣ አስከሬኖቹን አስነሣ። ከዚያ አንደኛው ፖሊስ "እኛ ጨርሰናል" ብሎ ቁልፉን ለእድሩ ሰብሳቢ አስረከበ። ሰባት ሰዓት ላይ ልጃቸው ብፅዓት ከመንገድ ደወለች። ድምፅዋ ጠፍቶ "አኖ ደርሰናል" ብቻ አለች።

ከአኖ ነቀምቴ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ደሙ ሊሾው ላይ እንዳለ ነበር። እዚያ የነበሩት አራት የእድር ሴቶች ተያዩ፤ ምክር አላስፈለጋቸውም። ለቅሶ ቤት ይጸዳል። ልጅ የእናትና የአባቷን ደም ረግጣ ፍራሽ ላይ አትቀመጥም። ኦርቶዶክስ ሁን ጴንጤ ሁን፣ በዚያ እድር ይሄን የማያውቅ የለም። ድርቤ ውኃ ቀዳች፣ ሁለቱ ፈተጉ፣ ኢቢሴ ቀሚሷን ሰብስባ ባልዲውን እያወጣች ከበሩ ውጭ ቦዩ ውስጥ ደፋች። ብፅዓት ስትገባ ወለሉ ገና አልደረቀም ነበር። ኢቢሴ አንገት ላይ ተጠምጥማ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ።

በሁለተኛው ወር ቪዲዮው ወጣ። "እውነቱ ይውጣ" የሚባል የፌስቡክ ገጽ ነው ያወጣው፤ ሠላሳ ሺህ ተከታይ አለው። አርባ ሦስት ሴኮንድ ነው። አንዲት ሴት ከጀርባዋ ትታያለች፣ ባልዲ ታወጣለች፣ ቀይ ውኃ ትደፋለች። ከላዩ "ማስረጃውን ያጠበችው ማን ናት?" የሚል ጽሑፍ አለ። በቃ፣ ስሟ ከዚያ ቀን ጀምሮ "አጣቢዋ" ሆነ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላል የአገሩ ሰው። እነዚህ ግን ወሬ ሲነግሯቸው የጨመሩት ወሬ ነው። አንዱ "አረማመዷን እዩት፣ ያስታውቃል" አለ። ሌላዋ "ፀጉሯን ለምን ሸፈነችው?" አለች፤ ለቅሶ ቤት ፀጉሩን ገልጦ የሚሄድ ያለ ይመስል። ነቀምቴን በካርታ እንኳ የማያውቅ ሰው ከባሕር ማዶ ሆኖ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት እንደነበረ ተነተነ። አንዱ ወገን ከስሟ ተነሥቶ ዘሯን ሰደበ፤ ሌላው ወገን እሷን ተገን አድርጎ የሟቾቹን ዘር ሰደበ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ያስታወሰ ግን አልተገኘም። ከሠላሳ ሺሁ አንድ እንኳ ሬሳ ተሸክሞ ትከሻው የተላጠ አልነበረም!

ድርቤም ዝም አለች። አብረው ያጠቡት ሌሎቹ ሁለቱም ዝም አሉ። ቪዲዮው ላይ የምትታየው ኢቢሴ ብቻ ናትና፣ አልሸሹም ዞር አሉ። ብፅዓት እሑድ እሑድ ትደውል የነበረው ቀረ። ኢቢሴን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነው። "ጨርሰናል" ያለው ፖሊስ ባይጨርስስ ኖሮ? የገዳዩ ዱካ በእኔ ባልዲ ሄዶስ ቢሆን? ይሄን ስታስብ እጇን ታያለች። ግን ያን ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ እነ ብፅዓት አኖ ደርሰናል ቢሉ፣ ያው መልሳ ታጥባለች። ምን ታድርግ?

ያልተሸጠውን ወተት ይዛ ቤቷ ስትደርስ ልጇ ሌንሳ ስልኳን እያውለበለበች ሮጣ ወጣች። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ሁለት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የከረመችው።

"ሀርሜ! አነሱት! ቪዲዮውን አነሱት!"

"ምን አልሽ?"

"ያንቺን ከገጹ ላይ አነሱት። 'የዋህ እናት ጠርጥረን ነበር' ብለው ጽፈዋል። አራት መቶ ሰው ይቅርታ ብሎሻል፣ ተመልከቺ!"

ኢቢሴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። "ያ ዋቀዮ" አለች፤ እንባዋ መጣ። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ከጠረገች በኋላ ነው መጠየቅ የነበረባትን የጠየቀችው።

"እኔን ትተው ማንን ያዙ?"

ሌንሳ ስልኩን ዝቅ አደረገች። "እንጨት ፈላጩን። ጋሩማን።"

ፎቶው ላይ ጋሩማ ምሣሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ይታያል። ምሣሩን በቀይ ቀለም ከበውታል። የሰፈሩን እንጨት ሁሉ የሚፈልጠው፣ ሦስት ልጆች ያሉት፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ ይሄ ግን ሳይወድቅ ነው ምሣር ያነሡበት፣ ያውም የገዛ ምሣሩን።

እኩለ ቀን ሳይሆን ያደታ መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። "እውነቱ ይውጣ"ን የሚያስተዳድረው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የጠየቀው ግን የለም።

"አዴ ኢቢሴ፣ አከም ጅርቱ?"

"አለን። ተቀመጥ።"

"እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው የመጣሁት። ስምዎ ነጻ ወጣ።"

"ማን አስሮት ነበር?"

ያደታ ሳቅ ብሎ በርጩማውን ሳበ። "ሕዝቡ ነው የሚጠይቀው። እኔ መድረክ ነው የምሰጠው። አሁን የቀረችው ትንሽ ነገር ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላይቭ እገባለሁ። በግድያው ዋዜማ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጋሩማን እዚያ ግቢ አይተውታል አይደል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ምሣር ይዞ?"

"እንጨት በማንኪያ ይፈለጣል እንዴ?"

"እሷን ብቻ ይበሉልኝ። 'ምሣር ይዞ አየሁት' ይበሉ። የቀረውን ሕዝቡ ይጨርሰዋል።"

"የቀረውም እኔ ዘንድ አለ" አለች ኢቢሴ። "ፈልጦ ሲጨርስ እማማ ጸሐይወርቅ ምሳ ሰጡት። በልቶ፣ መርቆ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠርሙሴን ልወስድ ስሄድ ሁለቱም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሎሚ ይለቅሙ ነበር። ለፖሊስም ይሄንኑ ተናግሬ ፈርሜአለሁ። እሱንም ልበል?"

ያደታ ጭንቅላቱን አከከ። "እሱ ይረዝማል። ላይቭ ላይ ሰው አጭር ነገር ነው የሚወደው።" ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ። አንድ ጊዜ ከተናገሩ ደንበኞችዎ ሁሉ ይመለሳሉ። ቂርቆስ ራሱ ይቅርታ ብሎ ጽፏል። ሌንሳም ቀና ብላ ትማራለች። ውሸት ይናገሩ አላልኩም።"

ውሸት አይደለም። እውነትም ነው። ኢቢሴ ይሄን አሰበች፤ አላሰበችም ብል እዋሻለሁ። ሌንሳ በጓዳው በር ቆማ ትሰማለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ነገ ጠዋት በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ደጅ የተዋረደች ሴት ሌላው ተራውን ቢያይ ምን ገዷት?

"ያደታ" አለች ቀስ ብላ። "ያንን ቪዲዮ ማን ነው የቀረጸው?"

ልጁ ስልኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ከበሩ ማዶ፣ ድንኳን ትተክሉ የነበረበት ጋ ሆኖ ነው የተቀረጸው። አንተ እዚያ ነበርክ።"

"ብዙ ሰው ነበረ።"

"ነበረ። ባልዲው ከብዶኝ ሁለት ጊዜ አሳርፌዋለሁ። የሚያሳርፈኝ ሰው ባገኝ ብዬ ቀና ስል አንተን አየሁህ። ስልክ የምታወራ መስሎኝ ተውኩህ።" ብድግ አለች። "ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በኩፍኝ ልትሞት ስትል ሌሊት ተነሥተው ያዳኑህ ልጅ! የእሳቸውን ደም ስጠርግ ባልዲ እንደመቀበል ቆመህ ቀረጽከኝ! አሁን ደግሞ ለሌላው ጉድጓድ ቆፍሪልኝ ትለኛለህ?"

"አዴ ኢቢሴ፣ እንዲህ ካሉኝማ ቪዲዮውን መልሼ ብለጥፈው እንዳያዝኑ" አለ ያደታ፤ ፈገግታው ጠፍቷል።

"ለጥፈው። ውጣ ከቤቴ!"

ያደታ ከወጣ በኋላ ሌንሳ አሁን የተለጠፈውን የጋሩማን በር ፎቶ በስልኳ አሳየቻት፤ በከሰል ተጽፎበታል። ቂርቆስ ቤት ያልተቀበሏትን ወተት አነሣች፣ ባልዲና የወለል ጨርቅ ያዘች፣ ቁራጭ ሳሙና ኪሷ ከተተች፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ፣ ወደ ጋሩማ ቤት ወረደች።

የጋሩማ ቤት የቆርቆሮ በር ላይ በከሰል "ገዳይ" ተብሎ ተጽፏል። ማንም እንዳይስተው በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው። ማዶ ባለው መንገድ ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ስልክ አውጥተዋል። ከመካከላቸው ድርቤ ነበረች፤ ኢቢሴን ስታይ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

ኢቢሴ አንኳኳች።

"ፌኔት፣ እኔ ነኝ። ኢቢሴ ነኝ።"

የጋሩማ ሚስት በሩን በጣት ስፋት ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። "እርስዎም ሊያዩን መጡ?"

"ወተት ይዤ ነው። ጋሩማ የት አለ?"

"ወንድሙ ዘንድ ወደ ጉቴ ከተማ ሄዷል። ድንጋይ ወረወሩብን። እኔም ልጆቹን ይዤ በጎን ልወጣ ነበር፤ ግን ያንን ጽሑፍ አልፎ መውጣት..." አልጨረሰችውም።

ኢቢሴ ጠርሙሱን አቀበለቻት። "ለልጆቹ አፍዪላቸው። ከዚያ ባልዲዬን ሞልተሽ አምጪልኝ።"

"አዴ፣ ይቅርብዎ! ይኸው እየቀረጹ ነው። መልሰው እርስዎ ላይ ነው የሚዞሩት።"

"አውቃለሁ።"

ውኃው መጣ። ኢቢሴ ጨርቁን ነክራ ሳሙናውን አሸችበት፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ ፈተገች። ከሰሉ ቶሎ አልለቅ አለ፤ እንዲያውም ተንሰራፍቶ በሩን በሙሉ አጠቆረው። ጥቁር ውኃ በክርኗ ወርዶ ቀሚሷን አበላሸው። ከማዶ አንዱ "ያቺ ሴትዮ እኮ ናት፣ አጣቢዋ!" ሲል ሰማች። ስልኮቹ በዙ። ያደታም ከኋላቸው ደርሶ ስልኩን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል።

ኢቢሴ እጇን አቆመች። ነጠላዋን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ወደ መንገዱም ዞረች።

"ያን ጊዜ ጀርባዬን ነው የቀረጻችሁት" አለች ጮክ ብላ። "ኢቢሴ እባላለሁ። ያን ቤት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ይሄንንም የማጥበው እኔ ነኝ። ፊቴ ይኸው፤ በደንብ ቅረጹ!"

ድርቤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ኢቢሴ ባልዲውን አየች፤ ውኃው ቀለም ሆኗል። እዚያው በሁሉም ፊት፣ ያን ቀን እንዳደረገችው፣ ቦዩ ውስጥ ደፋችው።

"ፌኔት" አለች ወደ ውስጥ፣ "ሌላ ውኃ ጨምሪልኝ። የመጨረሻው ፊደል ገና አልለቀቀም።"