ውጤቱ እስኪመጣ የታሸገ ዱቄት

ደብሪቱ ሞላ የመርሳን ዳቦ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ስትቆጣጠር አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገጹ በቁጥር የታተመው፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ የሚወጣው የቁጥጥር ማስታወሻዋ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ያየችውን ትጽፋለች፤ ያየችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ ባለቤቱ የተናገረውን ቃል በቃል ትጽፋለች። ስትሳሳት አትፍቅም፤ በአንድ መስመር ሰርዛ ጎኑ ላይ ትፈርማለች። አንድ ጊዜ የአክስቷን ልጅ ከባሏ ለማስታረቅ ዘመድ ሲቀመጥ ማን ምን እንዳለ ጽፋ ኖሮ፣ በማግሥቱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ላለው ባል አነበበችለት። ከዚያ ወዲህ ለእርቅ የጠራት የለም።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን 2013 የጋሽ አብዱልሐሊምን የዱቄት መጋዘን አሸገች። ጋሽ አብዱልሐሊም ስድሳ ያለፋቸው፣ ከንጋት ሶላት በኋላ ሊጡን በራሳቸው እጅ ካልነኩት የማይረኩ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ ሰማንያ ስድስት ኩንታል ዱቄት ነበር፤ ታችኛው ረድፍ ረጥቧል፣ ነቀዝም ይዞታል። ናሙና ወስዳ በወልድያ በኩል ወደ ላቦራቶሪ ላከች። የረጠበውን ብቻ ለይታ ልታሽግ አስባ ነበር፤ አለቃዋ ይርጋ ግን በስልክ «ምን አደከመሽ? ጠቅላላውን አሽጊው» አላት። አሸገችው። ጋሽ አብዱልሐሊም ውጤቱ እስኪመጣ እንደማይነኩት ፈርመው ቢጫውን ቅጂ ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ መጣ። ከቆቦ፣ ከወልድያ የሸሸው ሰው በአስፋልቱ ላይ ጎረፈ፤ ቀጥሎ የመርሳ ሰው ራሱ ተነቅሎ ተከተለው። ይርጋ ከአንድ አይሱዙ ጋቢና አንገቱን አውጥቶ «ማኅተሙን እኔ ይዣለሁ! ማስታወሻውን አንቺ ያዢ!» ብሏት ወደ ደሴ ነጎደ። እሷ አልሄደችም። አባቷ አቶ ሞላ ዳሌያቸው ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ነበሩ። ማስታወሻውን በፌስታል ጠቅልላ ዶሮ ቆጡ ሥር ወሸቀችውና ከአባቷ ጋር ተቀመጠች።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ሲይዙ መብራቱም ስልኩም ጠፋ። ገበያው ተፈታ። መስከረም ሲጠባ ጋሽ አብዱልሐሊም በጓሮ በኩል መጡ።

«አሰላሙ… እንዴት ዋልሽ ልጄ። ማሸጊያውን አንሺልኝ።»

«ውጤቱ አልመጣም እኮ ጋሽ አብዱልሐሊም።»

«በምን ይምጣ? በወፍ?»

«ታዲያ እርስዎ ማሸጊያውን ለምን አይቀድዱትም? እኔ አላየሁም እላለሁ» አለችና ከአፏ የወጣው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

«ፈርሜያለሁ!» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «አንቺ ባታይ አላህ አያይም? ደግሞ ያ ወረቀት ጉድ አድርጓል። ከኔ ወዲህም ከኔ ወዲያም ያለው ሱቅ ሁሉ ተሰብሯል። የኔ በር ላይ ሲደርሱ ‹ለሰው ምግብነት እንዳይውል ታግዷል› የሚለውን ያነቡና ይመለሳሉ። መርዝ መስሏቸዋል።»

«እንግዲያ ይቆይ።»

«ይቆይ ነው የምለው እኔም። ግን ሰው ተርቧል። ምን እንደምልሽ አላውቅም።» እንዲህ ብለው እንደ መጡ በጓሮ ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሁለት ታጣቂዎች ደብሪቱን ከቤቷ ወሰዷት። መጋዘኑ በር ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ አጠገቡ መነጽር ያደረገ፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ማሸጊያውን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያነባል። የስንቅ ኃላፊያቸው ነው ተባለ።

«ይህን ያሸግሽው አንቺ ነሽ? ማስታወሻው የታል?»

«ዶሮ ቆጥ ሥር ነው።»

ሰውየው አልሳቀም። «አምጪው» አለ። ሄዳ አመጣችው። ላዩ ላይ የደረቀውን ኩስ በጣቱ ጥፍር ፋቅ አድርጎ ገለጠና፣ ሰዓቱን፣ የተገኙትን ሰዎች ስም፣ የረድፉን ቁጥር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበ። ታጣቂዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«‹እርጥበት ታይቷል› ይላል። በምን ታየ?»

«በእጅ።»

«እጅ መለኪያ ነው?»

ይህን ጥያቄ ስትሰማ ንዴት ፍርሃቷን ቀደመው። «መለኪያው ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው። እንዲጠገን ሰባት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ቁጥራቸውን ልንገርዎት?»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የኛም እንደዚሁ ነበር» አለ። ከጦርነቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የምግብ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። እዚያው በር ላይ፣ ጠመንጃ ባነገቱ ሰዎች መሃል፣ ናሙና ከስንት ጆንያ መወሰድ እንዳለበት ተከራከሩ። እሱ ከአሥሩ አንድ አለ፤ እሷ ከየረድፉ አንድ አለች። መመሪያ ጠቀሰ፤ የተሻሻለውን ጠቀሰችበት። ተሻሽሎ እንደሆነ አላወቀም ነበር።

በመጨረሻ አንዱ ታጣቂ ታክቶት «እንጫን ወይስ አንጫን?» አለ።

«ውጤቱ ያልታወቀ ዱቄት ለሠራዊት አላበላም» አለ ባለመነጽሩ። «ተቅማጥ ቢነሳ የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ይህን ብሎ እስክሪብቶ አወጣና ከፊርማዋ ሥር «ተመልክቻለሁ። እገዳው ተገቢ ነው። ሆኖም እርጥበት በመሣሪያ ይለካ» ብሎ ጻፈ።

«አይጻፉበት!» ብላ ጮኸች ደብሪቱ። «ያልተፈቀደለት ሰው አይጽፍበትም!»

ፈረመበት። መኪናው ባዶውን ሄደ። ደብሪቱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የሰውየው ጽሑፍ ጎን «ያለ ፈቃዴ የተጻፈ» ብላ ፈረመች።

በጥቅምት የመርሳ ሰው ቆሎ እየቆጠረ መብላት ጀመረ። ደብሪቱ ማታ ማታ ለአባቷ ቀጭን ሾርባ ታቀርባለች፤ እሳቸው ግማሹን ይተዉላታል። አንድ ቀን ጎድጓዳውን ሳህን መለሱላትና «ልጄ፣ ያ ወረቀትሽ ሁሉ ነገር አለበት አሉ» አሏት።

«አዎ አባዬ።»

«የኔ ረሃብ የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

ሌሊቱን ሙሉ ይህ ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። የረጠበው ታችኛው ረድፍ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ ራሷ ጽፋዋለች። ቢሆንም ዳግም ቁጥጥር ሁለት ሠራተኛና አንድ ማኅተም ይጠይቃል። ሁለተኛው ሠራተኛ የለም፤ ማኅተሙ ደሴ ነው። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ስታገላብጥ «በአስቸኳይ ጊዜ የአካባቢው ነዋሪ በታዛቢነት ሊገኝ ይችላል» የሚል መስመር አገኘች። የምታምነውም አፉን የሚይዝም አንድ ነዋሪ ነበራት።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አባቷን አቶ ሞላን ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው በጓሮ በር ወደ ዳቦ ቤቱ አስገቧቸው። ደብሪቱ ነጭ ጋወኗን ለብሳለች። ጋሽ አብዱልሐሊም ቢጫ ቅጂያቸውን ዘርግተዋል። መጋዘኑ ከዳቦ ቤቱ ጋር በውስጥ በር ይገናኛል፤ እሱም ታሽጎ ነበር። ማሸጊያውን አነሳች፤ ሰዓቱን ጻፈች። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው በወንፊት ነፉ፣ አሸተቱ፣ በእጅ ጨመቁ። ሰባ ሰባቱ ደህና ነው፤ ዘጠኙ ተበላሽቷል። ዘጠኙን ለብቻ አስቀምጣ መልሳ አሸገች። ከደህናው በእንጨት እሳት ጥቂት ተጋገረ።

«ታዛቢው ይቅመሱ» አለች ደብሪቱ።

አቶ ሞላ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ደብሪቱ ጻፈች፦ «ታዛቢው የተጋገረውን ናሙና በልተዋል። የጤና ችግር አልታየባቸውም። ሁለተኛ ናሙና ጠይቀዋል።» ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ «ሦስተኛም።»

የፊት ለፊቱን በር ማሸጊያ ግን አላነሳችውም። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ አሳቀቃት። መርምራ የፈቀደችው መጋዘን በር ላይ «ታግዷል» የሚል ወረቀት መተው በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያ ውሸቷ ነበር፤ እሱንም ቢሆን «ማሸጊያው ለጥበቃ ሲባል ባለበት ቀርቷል» ብላ መዘገበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶች በጓሮ እየገቡ ዳቦ በነጠላና በሻሽ ሥር ይዘው ወጡ። ለየቤቱ በሰው ልክ ታደለ፤ ክርስቲያን እስላም ሳይባል፣ ጋሽ አብዱልሐሊም አንድም ቤት እንዳይዘለል ራሳቸው ስም እየጠሩ።

ኅዳር ላይ ባለመነጽሩ ብቻውን መጣ። ደብሪቱ ደጁ ላይ ደርቃ ቀረች፤ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶታል። ሰውየው ማሸጊያውን በጣቱ ዳሰሰ። አልተቀደደም። አየሩን ሳብ አደረገ፤ ወደ እሷ ዞረ።

«ውጤቱ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲህ መጠበቅ ነው።» ጥቂት ሄደና ተመለሰ። «የዚህ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ አጥሯል። ጎረቤት ያፍናል። ጻፊው።»

ጻፈችው።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ወጡ። ይርጋ ማኅተሙን ይዞ ተመለሰና የማስታወሻውን ገጾች ሲያገላብጥ ፊቱ ዳማ ሆነ። በጥር ደብሪቱ ወልድያ ካለ አንድ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። የቢሮው መስኮት መስታወት የለውም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ወንበር ስላልተረፈ ሰብሳቢው አቶ ስዩም የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል።

«ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነበር» አሏት። «ዝግ በሆነ መሥሪያ ቤት ስም እንዴት ተቆጣጠርሽ?»

«ዳቦ ቤቱ አልተዘጋም ነበር።»

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የስንቅ ኃላፊያቸው። ያለ ፈቃዴ የተጻፈ ብያለሁ።»

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ምልክትስ?»

«የዶሮ ኩስ ነው። ግርጌው ላይ ተገልጿል።»

አቶ ስዩም ከአቃፊያቸው አንድ ወረቀት መዘዙ። የላቦራቶሪው ውጤት ነው፤ መንገድ ላይ ከርሞ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። «እርጥበቱ ከተፈቀደው በላይ ነው። ሰማንያ ስድስቱም ኩንታል ይወገድ ይላል። በአምስት ቀን ውስጥ አስወግደሽ ሪፖርት ታደርጊያለሽ።»

«ዘጠኙ ተለይቶ አለ፤ አስወግዳለሁ። የረጠበው እሱ ነው። ሰባ ሰባቱ ተበልቷል።»

«በማን?»

«በመርሳ።»

«የታመመ ሰው አለ?»

«አንድ ሰው ሆዱን ታሞ ነበር። ዘጠኝ ዳቦ በአንድ ጊዜ በልቶ ነው፤ ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ ቃሉን ሰጥቷል።»

ከኮሚቴው አንዷ ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ጭንቃቸው ሌላ ነበር፦ መሥሪያ ቤቱ ከነዚያ ወራት የቀረለት ሰነድ ይህ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ለበላይ የሚላከው ሪፖርት በሙሉ ከዚህ ይቀዳል። ሕገ ወጥ ቢሉት ሪፖርት የላቸውም፤ ሕጋዊ ቢሉት ማኅተም የለበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ አቶ ስዩም ሁለት ደብዳቤ ፈርመው ሰጧት፤ አንዱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ አንዱ የምስጋና። ማስታወሻውን ተቀብለው አዲስ ጥራዝ ሰጧት። የርክክብ ወረቀት ካልተሰጠኝ አልወጣም አለች፤ ጻፉላት።

መናኸሪያው ስትደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እጇ ባዶ ሆኖባት ነበር፤ አዲሱ ጥራዝ ቀለሙ ይሸታል፣ የማንም ስም የለበትም። አጠገቧ የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰች ሴት ጥራዙን በዓይኗ ስትመዝን ቆየች።

«ጸሐፊ ነሽ?»

«ምግብ ተቆጣጣሪ ነኝ።»

«ባይነሽ እባላለሁ፤ ከመርሳ ወዲያ፣ የውርጌሳ ሰው ነኝ። ወልድያ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ‹የኛ ክፍል አይደለም› ይሉኛል። ሁለት ጎታ ማሽላ ነበረኝ፤ ወሰዱብኝ። ያም ምግብ አይደለም?»

ደብሪቱ የመቆጣጠር ሥልጣኗ ከመርሳ እንደማያልፍ፣ የእህል ጎታ እንደማይመለከታት ልትነግራት አፏን ከፈተች። ከዚያ ካርቦኑን በመጀመሪያው ገጽ ሥር አስገባች።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ቀኑ መቼ ነበር?»

ሴትዮዋ ከማሽላው ጀመረች፤ ቀጥላ ስለ በሬዋ፣ ቀጥላ ስለ ባሏ ተናገረች። ደብሪቱ ቃል በቃል ጻፈች። መርሳ ሲደርሱ ረዳቱ «የመርሳ ወራጅ!» ብሎ ጮኸ።

«አልወርድም» አለች ቀና ሳትል። «ጎታዎቹ የነበሩበትን ቦታ ማየት አለብኝ።»