እትዬ ዓለምነሽ የመረጡት መስመር

ጋሽ ወልደሚካኤል ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ብቻቸውን መተው አይቻልም። ባለቤታቸው እትዬ ዓለምነሽ ኮሜርስ ሲቲ በምትባለው ጎረቤት ከተማ የነበራቸውን የመጋዘን ሥራ ተዉ። ከዚያም ቤት ቁጭ ብለው፣ በኢንተርኔት ስልክ ለሐኪምና ለበሽተኛ የሚያስተረጉሙበት ሥራ አገኙ። የቀራቸው አንድ ነገር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ኩባንያው ደውሎ ይፈትናቸዋል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ሥራው የለም።

ኦሮራ ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ ስለምንኖር፣ የኮምፒውተር ትምህርትም ስለጨረስኩ፣ ቤታቸው ስለሚያስገቡት ኢንተርኔት ያማከሩት እኔን ነው።

«የኬብል ኢንተርኔት ያስገቡ» አልኳቸው። «ሌላው፣ ዲኤስኤል የሚሉት፣ በስልክ ሽቦ ስለሚመጣ ቀርፋፋ ነው።»

«ለወሬስ ይበቃል?»

«ለድምፅ ይበቃል። ፊልም ግን አይታሰብም።»

«በል እሱን አስገባልኝ።»

ግራ ሲገባኝ አይተው ሳቁ። «ኤቢዬ፣ ሕንፃው ሙሉ ሐበሻ ነው። ኬብል ካስገባሁ ሁሉም ፓስወርድ ስጪኝ ሊለኝ ነው። እኔ ለበሽተኛ ሳስተረጉም ከላይ ድራማ፣ ከታች ኳስ!»

«አይስጡዋ!»

«ወልዴ ሆስፒታል ተኝቶ ሰሃን ይዘው ሲመላለሱ የከረሙትን ሰዎች? በምን ዓይኔ!»

 ስለ ፍጥነት ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ጎረቤቶቻችንን ግን አላሰብኳቸውም።

መስመሩ በገባ ማታ ጎረቤታችን ስንዱ ከታችኛው ፎቅ መጣች። «እትዬ፣ ኢንተርኔት አስገቡ አሉ! ለልጆቹ ካርቱን…»

«ዲኤስኤል ነው የኔ እህት።»

«ውይ! በዚህ ዘመን? ማን አሞኝቶዎት ነው?» ብላ እኔን ገላመጠችኝ። «የኛ ኬብል ነው። ፓስወርዱን ልስጥዎት?»

እትዬ ዓለምነሽ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሐሙስ ስልኩ ሲደወል አጠገባቸው ነበርኩ። ሁለት የኩባንያው ሴቶች፣ አንዷ ሐኪም፣ ሌላዋ አሮጊት በሽተኛ ሆነው ፈተኗቸው። ሐኪሟ «ክኒኑን ለምን አቆምሽ?» ዓይነት ደረቅ እንግሊዝኛ ስትናገር፣ እትዬ ዓለምነሽ «እናቴ፣ ክኒኑን ያቆሙት ለምን ይሆን?» እያሉ አስተረጎሙ። ከሐኪሟ ቃል ሳይቀንሱ ለአሮጊቷ የሚገባትን ክብር ሰጡ። አንድም ድምፅ አልተቆረጠም።

መጨረሻ ላይ ፈታኟ ከመቼ ጀምሮ መሥራት እንደሚችሉ ጠየቀቻቸው። እትዬ ዓለምነሽ ወደ ጋሽ ወልደሚካኤል ዞር ብለው አዩ።

«ቁርሱን ላብላውና» አሉ።