ድርጅታችን ቆሟል

ፍራሽ የሚሠራ ሰው ዝም ብሎ ፍራሽ ቢሠራ ምን አለበት? ፍራሽ ላይ እኮ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይተኛል። ባልና ሚስት ተጣልተው ጀርባ ለጀርባ ሲዞሩ እንኳ የሚዞሩት እዚያው የእኛ ፍራሽ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አውቀዋለሁ።

ፋብሪካው ውስጥ «ቀለሜ» ይሉኛል። ቀለሜ ማለት ከመጽሐፍ የማይነቀል ተማሪ ነው። እኔን ግን ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ነው፤ ሲሉኝም ይሳሳቃሉ። የቀለም ክፍሉ አለቃ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ የእኔ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ወረቀት የለህም» አለኝና የሚስቱን ወንድም ጎለተበት። ሰውዬው እስከ ዛሬ የዘይት ቀለም የነካ ብሩሽ በውኃ ነው የሚያጥበው። ይሁን። ሆዴ ሰፊ ነው።

ያን ሰሞን ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሚስቱ የወለደች ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ አንድ ወር ቤቱ ይዋል የሚሉ አሉ፤ ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል የሚሉም አሉ። ታክሲ ውስጥ ይሰዳደቡበታል፣ ፀጉር ቤት ይኳረፉበታል። እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። ልጄ ስትወለድ መሰላል ላይ ነበርኩ፤ ይኸው አድጋ አግብታለች።

ችግሩ፣ እሷም ልትወልድ ደረሰች። እናቷ በሕይወት የለችም። ባሏ፣ ማለትም አማቼ፣ እኛው ፋብሪካ ስፖንጅ ቆራጭ ነው። ፈቃድ ቢጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «የምትወልደው ሚስትህ ናት ወይስ አንተ?» ብሎ መለሰው። ልጄ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ብቻዬን ሆኜ ቢመጣብኝ እፈራለሁ» ብቻ አለችኝ፣ ወለሉን እያየች። ከዚያ በኋላ ከሁለተኞቹ መሆኔ እንደ ጠባብ ጫማ ይቆረቁረኝ ጀመር።

በዚያው ሳምንት ተፎካካሪያችን «አባቶችን እንደግፋለን» ብሎ ሰሌዳ አቆመና አገር አጨበጨበለት። የእኛው ሰውዬ ቅናት አላስተኛ ስላለው እኔንና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋን ቢሮው ጠራን። እሷን በጓሮ «እሜቴ መፈክር» ነው የምንላት።

«እኛም አቋም እንያዝ» አለ። «ግን ተቃዋሚዎቹም ፍራሽ ይገዛሉ።»

በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው እንዲህ ነው።

«ቀላል ነው» አለች እሜቴ መፈክር። «በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ እንጽፈዋለን። መጀመሪያውና መጨረሻው በትልቁ፣ መሀሉ በደቃቁ። ደጋፊ ቀርቦ ያነባል፣ ተቃዋሚ በመኪና ያልፋል።»

የሚጻፈው ይህ ነበር፦ «ድርጅታችን አባቶች ከአራስ ሚስቶቻቸው አጠገብ እንዲሆኑ ከሚጠይቁ ሁሉ ጎን ቆሟል።»

አንድ ጊዜ አነበብኩት። ደግሜ፣ መሀሉን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አነበብኩት።

«እህቴ» አልኳት፣ «ይሄ መሀሉ ትንሽ ከፍ ቢል...»

«አንተ ቀባ» አለችኝ። በአባቷ ዕድሜ ያለሁትን ሰው አንተ ነው የምትለኝ። «ማንበብ ሥራህ አይደለም።»

ቀባሁ! በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ቀብቼ አላውቅም። «ድርጅታችን» የሚለውን በሰው ቁመት ጻፍኩት። «ቆሟል»ን ከዚያም አስበለጥኩት፣ በቀይ። መሀሉን ግን እንደታዘዝኩት፣ ጉንዳን በመነጽር የምታነበው አደረግሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራዬን ላይ ብዬ መንገዱ ማዶ ቆምኩ። የሠራተኞች ሰርቪስ መጣ። ገና ከሩቅ አንገቶች በመስኮት ወጡ።

«ቆሟል ይላል እኮ!»

«ማን ነው የቆመው?»

«ፋብሪካው ነዋ! አታነብም?»

«እኔ ብያችሁ ነበር፣ ስፖንጁ ሲሳሳ ጊዜ!»

ሾፌሩ አልወረደም፣ አልጠየቀም። መኪናውን እዚያው አዞረ። አማቼ ግን ዘሎ ወረደና በአቋራጭ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ አንድ የእረፍት ቀን አገኘሁ ብሎ። ዘበኛችን ሠራተኛው ሲመለስ አይቶ፣ ጽሑፉንም አይቶ፣ በሩን በሰንሰለት ከረቸመው።

ሥራ አስኪያጁ በመኪናው መጥቶ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ የሚከፍት ጠፋ።

«ክፈት እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ቆመናል» አለ ዘበኛው በሐዘን። «ለእርስዎ አልነገሩዎትም?»

«አልቆምንም! ጎን ነው የቆምነው!»

«በየትኛው ጎን ጌታዬ?»

ሰውዬው ወረደና ግራ ቀኙን አየ። የፍራሽ ነጋዴዎች በሩ ላይ ተሰብስበው ይጮሃሉ። ጥቂት ቆይቶ «ፋብሪካ ተዘጋ» ሲባል የሰማች የሬዲዮ ጋዜጠኛ ከተፍ አለች። በመሀሉ ስልኬ ጮኸ። አማቼ ነው፣ ያለከልካል፦ «አባባ፣ የበሩን መቃን ይዛ ስታቃስት ደረስኩ! ሆስፒታል ገብተናል። ሥራ ቢጠሩኝ አልመጣም፣ ያባርሩኝ!»

ስልኩን ዘጋሁና ባልዲዬን ይዤ ወደ ሰዎቹ ተጠጋሁ። ሥራ አስኪያጁ አቋማችን ስለ አባቶች እንደሆነ እያስረዳ ነበር።

«ታዲያ የእናንተ ሠራተኞች ይህን ፈቃድ ያገኛሉ?» አለችው ጋዜጠኛዋ።

ከጎኑ ወደ ቆመችው እሜቴ መፈክር ዞረ። እሷ ጫማዋን ታይ ጀመር።

«እንዴታ!» አልኩ እኔ። «አማቼ ዛሬ ጠዋት ገባበት አይደል? አንድ ወር ሙሉ፣ ደመወዙ ሳይነካ። ጌታዬ ራሳቸው ናቸው የሰጡት፣ እንዲህ ያለ ደግነታቸውን ማውራት ስለማይወዱ ነው።»

ማይኩ ወደ እሱ ዞረ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። በዓይን መቀቀል ቢቻል በስዬ ነበር።

«አ... አዎን» አለ።

«ሌሎቹ ሠራተኞችስ?»

ሰርቪሱ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ አንገቶቹ ሁሉ በመስኮት ወጥተው ይጠብቃሉ።

«ሁሉም» አለ፣ ጥርሱ እየተነቀለ እንዳለ ሰው።

ጭብጨባው እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። እሜቴ መፈክር ቀድማ አጨበጨበች።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስደርስ ልጄ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ግን ትስቃለች። አማቼ ጨቅላዋን እንደ እንቁላል ታቅፎ ቆሟል። ወሬውን በሬዲዮ ሰምቷል።

«አባባ፣ ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ስናማው ኖረን! ወንድ ብትሆን ኖሮ በስሙ ነበር የምጠራት።»

ነገሩ እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር። ብናገር ደግሞ ነገ ስፖንጅ ክፍል ያወራውና ወሩ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ዋጥኩት። ሴት አድርጎ የሰጠንን ፈጣሪ በሹክሹክታ አመሰገንኩ።

«ምን ታጉረመርማለህ አባዬ?» አለች ልጄ።

«ምንም። አፍንጫዋ ወደ እኛ ነው አልኩ» አልኳት፤ ከማቀፌ በፊት ቀለም የነካ እጄን ልታጠብም ወጣሁ።