ከወይዘሮ አርዲስ ቤት ጎን ያለው ባዶ መሬት

አርቪድ ቶሌፍሰን መሬቱን ለማየት ደጋግሞ ሄዷል። አይቶታል ማለት ግን ይከብዳል፤ በሄደ ቁጥር የሚያየው የወይዘሮ አርዲስን ኬክ ነው።

መሬቱ ከእሳቸው ቤት ጎን፣ ሐይቁ ዳር፣ ግንዳቸው ነጭ የሆኑ ዛፎች የበቀሉበት ባዶ ቦታ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሊሸጡት እንዳሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሰማ። ተሰማ እንጂ እሳቸው ማንንም «ግዙኝ» አላሉም። በሰሜን ሚኒሶታ እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ነውር ነው። ሰው አንድ ነገር ሲያምረው «መጥፎ አይደለም» ይላል፤ በጣም ካማረው ደግሞ ስለ አየሩ ያወራል።

አርቪድን በጣም አምሮታል። እሱና ሚስቱ ኮሪን ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከሚስማርና መዶሻ መሸጫ ሱቅ በላይ ባለ የኪራይ ቤት ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የኮሪን ጉልበት ደረጃ አልወጣም ብሏል። ከገበያ ስትመለስ ደረጃው መሃል ቆም ትልና ግድግዳውን የምታደንቅ ትመስላለች። ግድግዳው ላይ የሚደነቅ ነገር የለም። አርቪድ ደረጃ የሌለው ትንሽ ቤት ሊሠራላት ቆርጧል። ይህንን ለወይዘሮ አርዲስ ሊነግራቸው እየሄደ፣ ስለ ዝናብ አውርቶ ይመለሳል።

ዛሬ ከኮሪን ጋር ሆኖ ሄደ፤ አካሄዱ ግን እንደዚያው ነበር። ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ኬክ ቀረች። እዚያ አገር የመጨረሻዋን ቁራሽ የሚያነሳ ሰው የለም። ኮሪን ግማሿን ቆርጣ ወሰደች፤ አርቪድ የቀረውን ግማሽ ገመሰ፤ ወይዘሮ አርዲስም ከተረፈችው ላይ ቆንጠር አደረጉ። ከዚያ ሦስቱም ፍርፋሪዋን ያዩ ጀመር።

«ቦታውን እንዴት አያችሁት?» አሉ ወይዘሮ አርዲስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

«መጥፎ አይደለም» አለ አርቪድ።

«ድንጋይ ይበዛበታል።»

«ድንጋይ የሌለበት የት አለ።»

«ትንኝም አለው።»

«ትንኝማ የትም አይቀር።»

ስንብቱ እንደ ወጉ ብዙ ፈጀ። በሩ ላይ ተሰናበቱ፣ በረንዳው ላይ ተሰናበቱ፣ መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ደግሞ ወይዘሮ አርዲስ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው እንደ አዲስ ተሰናበቱ። እዚያ አገር ቁም ነገር የሚነገረው ሞተር ከተነሳ በኋላ ነው።

«ቅዳሜ አንድ የጥርስ ሐኪም ከሚኒያፖሊስ ይመጣል» አሉ። «መሬቱን ሳይገዛው አይቀርም። በሙቀቱ ወራት ብቻ የሚመጣበት ትልቅ ቤት ሊሠራ ነው።»

አርቪድ መሪውን ጨበጠ። «የጥርስ ሐኪም ጎረቤት ጥሩ ነው» አለ።

«የእኔ ጥርስ እንኳ ሰው ሠራሽ ነው።»

«እሱም አይከፋም።»

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ኮሪን ወደ እሱ ዞረች።

«የጥርስ ሐኪም ጥሩ ነው?» አለች።

«ምን ልበል ታዲያ? ላስጨንቃቸው አልፈለግኩም።»

«እሳቸውንማ አላስጨነቅክም።» ጉልበቷን በመዳፏ ያዘች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ለማግባት ለመጠየቅ ያን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የምትጠብቀው?»

«አባትሽ ሥራ ይበዛባቸው ነበር።»

«አባቴ ጡረታ ወጥተው ነበር።»

አርቪድ መኪናውን ዳር አስያዘ። ተሰናብተው ከሄዱ በኋላ መመለስ እዚያ አገር ቤት ካልተቃጠለ በቀር አይደረግም። መሪውን አዞረ።

ወይዘሮ አርዲስ ገና በረንዳው ላይ ቆመዋል። «ምን ረሳችሁ?» አሉ።

አርቪድ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ጆሮው ቀልቷል። «መሬቱን እፈልገዋለሁ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣና ራሱኑ አስደነገጠው። «ለሐኪሙ አይሽጡት። ኮሪን ደረጃ አቅቷታል፤ ደረጃ የሌለው ቤት ልሠራላት ነው። ዋጋውን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ አርዲስ የበረንዳውን ምሰሶ ያዙ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎስ መቼ ግዙኝ አሉን?»

«እንዴት ብዬ ልበላችሁ? ሳትፈልጉት በይሉኝታ ብትገዙትስ?»

አርቪድ አሰበበት። እውነታቸውን ነው፤ ይገዛው ነበር።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ» አሉ ሴትዮዋ ወደ ሐይቁ ዞረው፣ «በበረዶው ወራት ከመስኮቴ የሚታየኝ አንድ መብራት የለም። ሐኪሙ በበረዶ አይመጣም። እኔ የምፈልገው ሰው እንዲኖርበት ነው። እናንተ ብትሆኑ ደግሞ...» አቋረጡ። «ይኸው፣ ተናገርኩት።»

ሁለቱም የሚገቡበት ጠፍቷቸው ቆሙ። ኮሪን ግን ከመኪናው ወርዳ፣ እያነከሰች፣ ባዶው መሬት መሃል ደርሳለች።

«ወይዘሮ አርዲስ» አለች ከዛፎቹ ሥር፣ «የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ እርስዎ ቢዞር ያስቸግርዎታል?»

«ኧረ ምንም አያስቸግረኝም» አሉና አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ለሐኪሙ ማን ይነግረዋል?»

አርቪድ ጫማውን ማየት ጀመረ። ወይዘሮ አርዲስም የእሱን ጫማ አዩ። ኮሪን ከዛፎቹ ሥር ተመልሳ ሁለቱንም ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ሲብስባት እጇን ዘረጋች፣ የወይዘሮ አርዲስን ስልክ ተቀበለችና ሳሩ ላይ እንደቆመች ደወለች።

«ተሽጧል ዶክተር» አለች። ትንሽ አዳመጠች። «ለእኛ ነው።» ደግሞ አዳመጠች፤ ዓይኗ ግን ወይዘሮ አርዲስ ላይ ነበር። «አዎ፣ በበረዶውም ጊዜ እዚሁ ነን።»