ስክሪን የሌለው ሰርቨር

«ዮርዲን ጥሩልኝ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት፤ ደረሰ ፊታቸው ቆሞ ሳለ።

ደረሰ እንጅባራ ባለው የድንች ዘር ማኅበር ኮምፒውተር ሲጠግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዮርዳኖስ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከመጣች ገና አራት ወሯ። ትናንት ኮምፒውተሮቹ በሙሉ አፕዴት ተደርገው ነበር። ዛሬ የምዝገባው ፕሮግራም ሲከፈት ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከር፣ ትሽከረከርና ሁሉም ቀጥ ይላል። ዘር ሊወስዱ የመጡ ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው ግቢውን ሞልተውታል።

«ሲስተም የለም፣ ሲስተም የለም» አሉ ከጥርባ የመጡት እማማ እታለማሁ። «ምን ሆኖ ነው የቀረው? ታሞ ነው?»

ገበሬዎቹ ሳቁ። ዮርዳኖስ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ኬብል ትነቅላለች፣ ትሰካለች።

«ጎበዝ ልጅ!» አሉ አቶ ሽመክት።

ይህችን ቃል ለደረሰ አንድ ቀን ብለውት አያውቁም። የሁሉም ኬብል በአንድ ቀን እንደማይበላሽ ያውቃል። ሁሉም የሚገናኙት ከዋናው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ነው፤ የሰርቨሩን ስክሪን ደግሞ መዝገብ ቤት አምና ተውሶ አስቀርቶታል። ሰርቨሩ የሚለው ነገር ቢኖር እንኳ ማን ያይለታል?

«ልንገራት ይሆን?» አለ በልቡ። «ትልፋ!»

ረፋዱ ላይ እማማ እታለማሁ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ።

«እኔስ ልሂድ ልጄ» አሉት በአውኛ። «ዘንድሮ ማሳዬ ጦሙን ይደር።»

ደረሰ መሬት መሬት አየ። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብቶ ስክሪኑን ነቀለና ሰርቨሩ ላይ ሰካው። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ ፕሮግራሙ በኔትወርክ እንዲገናኝ ይፈቀድለት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከትናንት ጀምሮ መልስ ስትጠብቅ ኖሯል። «ፍቀድ» የሚለውን ተጫነ።

ከምዝገባው አዳራሽ ጭብጨባ ተሰማ።

«ብያችሁ አልነበር? ይህች ልጅ እኮ!» ይላሉ አቶ ሽመክት።

ደረሰ ሲመለስ እማማ እታለማሁ እየተመዘገቡ ነው። ዮርዳኖስ የጥገና መዝገቡን ከፍታ ጽፋለች፦ ምክንያት፣ ኬብል። የጠገነው፣ ዮርዳኖስ።

«ጋሽ ደረሰ፣ እውነት ኬብሉ ይመስልሃል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም።»

«ስምሽን ግን ጽፈሻል።»

«ጻፊ አሉኛ!»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። «ኬብል» የሚለውን ሰርዞ «ሰርቨሩ ፈቃድ እየጠበቀ ነበር፤ ከአፕዴት በኋላ ስክሪን ሰክቶ ማየት» ብሎ ጻፈ። ወደ ስሟ ወረደ፤ እጁ ትንሽ ቆየ። አልሰረዘውም። ከጎኑ የራሱን ስም ጻፈ፤ ፊደሎቹን ግን ከእሷ ተለቅ አደረጋቸው።