የሃሩዮ እምቢታ

ኪኑዬ የመጨረሻውን ችካል ነቅላ ከመቃብሩ ጀርባ ካለው ረጅም ሣር ውስጥ ወሸቀችው። ጉልበት አላነሳትም፣ ይኸው እጇ ትናንት የሣር ማጨጃ ሞተር ይዞ ቁልቁለቱን ሲያጭድ ነው የዋለው። የከበዳት ሌላ ነው። ኪኑዬ የሰው ዕቃ ነክታ አታውቅም፤ በሰባ ስምንት ዓመቷ ጀመረች።

ቀይ ሪባን የታሰረባቸውን ችካሎች ባለፈው ሳምንት የተከሏቸው ቁልቁለቱን ሊከራይ የመጣው የፀሐይ ኃይል ኩባንያ ልጆች ናቸው። ግማሹን በኪኑዬ ጎረቤት በሃሩዮ እርሻ ዙሪያ፣ ግማሹን ከሥሩ ባለው በኪኑዬ እርሻ ላይ። ቀንና ሌሊቱ እኩል በሚሆንበት በዚህ ሰሞን ደግሞ ሰው ሁሉ የሟቾቹን መቃብር ሊያጥብ ይመጣል፤ ሃሩዮም ትመጣለች። መጥታም ከዚሁ ከባሏ መቃብር አጠገብ ቆማ ቁልቁል እርሻዋን ታያለች።

"ዛሬን ብቻ ችካሉን እንዳታይ" አለች ኪኑዬ ለራሷ፣ ጭቃውን ከጉልበቷ እያራገፈች።

አንዲት መኪና መጣች። የሃሩዮ ልጅ እናቷን አውርዳ አበባ ልትገዛ ወደ ከተማ ተመለሰች። ሃሩዮ የኑክሌር መብራት ጣቢያው ፈንድቶ መንደሩ ሁሉ ከተባረረ ወዲህ፣ እነ ኪኑዬ ቢመለሱም፣ ኢዋኪ ከተማ ከዚችው ልጇ ጋር ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ፎቁን አትወደውም። ሰው ከእርግብ በላይ መኖር የለበትም ትላለች።

"ኧረ ይቺ አሮጊት! መቃብሩንም አጥበሽ ጨረስሽው? ለኔ ምን ተረፈኝ?" አለች ሃሩዮ።

"ማልቀሱ ተርፎልሻል።"

"ለዚህ ሰውዬ? ሲሞትም አላለቀስኩለት!"

ሁለቱም ሳቁ። ሃሩዮ ቁልቁል እርሻዋን አየችና ዓይኗ በራ።

"አጨድሽልኝ! እንዴት አምሯል! በረዶው ሲቀልጥ እመለሳለሁ፣ ኪኑዬ። ቤቱን አስጠርጌያለሁ። አፈሩን የጣቢያው መርዝ ነክቶታል ብለው ገፈው ወሰዱት፣ የተራራ አሸዋ ደፉበት፤ ይሁን፣ ፍግ አበላዋለሁ። ሞኝ ሩዝ እንኳ ቢሆን ይበቅልበታል።"

በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ፈታች። ለመቃብር የሚቀርበው ኦሃጊ ነው፤ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ የለበሰ የሩዝ ድቡልቡል። ለሟቹ ትንሹን አስቀመጠችለት።

"ትልቁ ያንቺ ነው። ቃሌን ስለተሸከምሽልኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ እምቢ ብላለች ስትያቸው የሊቀመንበሩ የኮንኖ ፊት ጠቆረ?"

"ጠቆረ" አለች ኪኑዬ። ውሸት አልነበረም፤ ኮንኖ ፊቱ ነጥቶ አያውቅም።

ድቡልቡሉን ያዘች። መንከስ ግን አቃታት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሃሩዮ በስልክ "የኔ መልስ እምቢ ነው፣ በመንደሩ ስብሰባ ተናገሪልኝ" አለቻት። ኪኑዬም እሺ ብላ ሄደች። ሊቀመንበሩ ኮንኖ ተነሥቶ፣ ክፍለ ሀገሩ ከዚያ አደጋ በኋላ ከእንግዲህ መብራታችን ከፀሐይና ከነፋስ ይሁን ብሎ ወስኗል፤ ኩባንያው ቁልቁለቱን ሙሉውን ነው የሚከራየው፣ ቆርጦ አይወስድም፣ አለ። ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ፀሐይን ማን ይጠላል? ቀጠለና ግን "ይኼን የሚቃወም ያኛውን ጣቢያ የናፈቀ ብቻ ነው" አለ። የሁሉም ዓይን ኪኑዬ ላይ አረፈ። የኪኑዬ ባል ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ጣቢያው ውስጥ ነው። የቤቷ ጣሪያ ከዚያ ደመወዝ ነው።

ሦስት ሊቀመንበር ያንቀጠቀጠ ምላስ ከላንቃዋ ተጣበቀ።

በዚያ መንደር ደግሞ እጅ አውጡ የለም። ሊቀመንበሩ "እንግዲህ ይሁን?" ይላል፤ ዝም ያለ ተስማማ። የፊርማው ወረቀት በኋላ ለየቤቱ ይላካል፤ መንደሩ አንድ አፍ ከሆነ በኋላ ግን ብቻውን አልፈርምም ብሎ ከጎረቤት ፊት የሚቆም ማን ነው? በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፣ አይገባም። ግን የሰው እርሻ ይወጣል።

ከታች የኮንኖ ነጭ ጭነት መኪና ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ። ተስማምታለች ብሎ ሃሩዮን ሊያመሰግናት ነው የሚመጣው። ኪኑዬ ድቡልቡሉን ሣጥኑ ውስጥ መለሰች፤ ወደ ሣሩ ሄደች፤ ችካሎቹን አቅፋ አምጥታ ሃሩዮ እግር ሥር ጣለቻቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እርሻሽ ላይ ተተክሎ ነበር። አልተናገርኩልሽም። ዝም አልኩ።"

ሃሩዮ ሪባኑን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

"አንቺ? የፖስታ ቤቱን ሰውዬ በምላስሽ ያስለቀስሽው አንቺ?"

"የባሌን ነገር አነሡብኝ።"

"የባልሽን! የኔ ባል የምሳ ሩዝ ይሸጥ የነበረው ለጣቢያው ሠራተኞች አይደል፣ ለዓሣ መሰለሽ? ማን አለ ከነሱ ያልበላ? ኮንኖስ ያ መንገዱ፣ ያ አዳራሹ በማን ገንዘብ ተሠራ? ድሮም መብራቱ ለቶኪዮ፣ አሁንም ለቶኪዮ። እኔ እኮ ፀሐይን አልጠላሁም። የኔን መሬት ይለፉት ነው ያልኩት። አንዲት ቃል ነበረች፣ ኪኑዬ። አትከብድም ነበር።"

"ከበደችኝ።"

ሃሩዮ ፊቷን ወደ መቃብሩ አዞረች። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለባሏ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኮንኖ ከመኪናው ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። "እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ሃሩዮ። እንደ አንድ ሰው ስለተስማማችሁ..." ችካሎቹን አየ። "ይሄን የነቀለው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ኪኑዬ። ጎንበስ ብላ ችካሎቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። አንዱን እቅፍ ደረቱ ላይ አስታቀፈችው። "ይሄ የኔ እርሻ ነው፤ መልሰህ ትከለው። እኔ ዝም ብያለሁ፣ ዝምታዬ የኔን መሬት ይውሰድ። ይሄኛው የሃሩዮ ነው። እምቢ ብላለች። ያን ቀን እምቢታዋን ዋጥኩት።"

"እትዬ ኪኑዬ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። ሁሉም ተስማማ ብዬ ለክፍለ ሀገሩ አሳውቄያለሁ።"

"እንግዲያው መልሰህ አሳውቅ። ስብሰባ ጥራ።"

"በሚመጣው ወር..."

ኪኑዬ ወደ ሃሩዮ ዞረች። "ይቺን ኦሃጊ አልበላሁም። ስብሰባው ላይ ቃልሽን ከተናገርኩ በኋላ እበላታለሁ።"

ሃሩዮ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ አልሳቀችም። "ኦሃጊ አያድርም። ይበላሻል።"

"ሰማህ ኮንኖ?" አለች ኪኑዬ። "ዛሬ ነው።"

የሃሩዮን ችካሎች በብብቷ አጥብቃ ያዘች፣ የመኪናውን በር ራሷ ከፈተች፣ ሳይጋብዟትም ፊት ወንበር ላይ ከነጭቃ ጫማዋ ወጥታ ተቀመጠች።